ፈሳሽ ሳሙና ወይስ የሳሙና ውሃ?



በየበሩ እየዞሩ ፈሳሽ ሳሙና የሚሸጡ ሰዎች ከመጡ ወዲህ ዱቄት ሳሙና የሚገዛ ሁሉ «ኋላ ቀር» እየተባለ ነው። ይህን ወሬ እኛ አንቀበለውም።

ፈሳሽ ሳሙና አብዛኛው ውሃ ነው። ፋብሪካ ያሸገውም እንኳ ቢሆን። በሃይላንድ ተሞልቶ የሚመጣውማ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ውሃ ከሆነ ቦኖው አለልን! ዱቄቱ ግን ሶዳ አለበት፤ የጉድጓድ ውሃ አረፋ አላወጣ ሲል ሶዳው ያለሰልሰዋል፣ የልጆችንም ጭቃ ያስለቅቃል። እናቶቻችንስ እንዶዱን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ዱቄት አድርገው አይደል ያጠቡበት?

ዘይት የነካው ሸሚዝ ላይ የታሸገው ፈሳሽ ይሻላል፤ አንክድም። ዱቄቱም በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ ልብስ ላይ ነጭ ነጭ ይተዋል። አስቀድሞ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ መበጥበጥ ነው። ሱፍና ሐር ግን አይታጠብበት።

የሚያስቆጣን ሃይላንዱ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ሕፃን ለስላሳ መስሎት አፉ ላይ ሲያስጠጋ እናቱ ደርሳ ቀማችው። ባትደርስስ ኖሮ? ስለዚህ ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ከበር ይመለስ። ቤት የገባውም ተጽፎበት ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ። ምናልባት ልጅ ከጠጣ፣ ለማስመለስ ጣት አትክተቱበት፤ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ጽሕፈት ቤታችን ወፍራም እስክሪብቶ አለ። መጻፍ የሚቸግረው ጠርሙሱን ያምጣ፣ እንጽፍለታለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ