የላሊበላ ሌሎቹ ቤቶች

ገና ሲቃረብ የብዙ ቤተሰብ ወሬ ላሊበላ ነው። በአውሮፕላን ይሻላል ወይስ በመኪና? ልጆቹ ብርዱን ይችሉታል? ሆቴል አስቀድሞ ካልተያዘ ይገኛል? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የዛሬው ዓምዳችን አንድ ጥያቄ ይጨምርባቸዋል፤ እኛ እንግዶቹ በበዛን ቁጥር ከተማዋ ምን እየሆነች ነው?

አስቀድመን ስለ ድንጋዩ እናውራ። አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተገነቡ ሳይሆኑ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረድራል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከላይ ጀምረው የማይፈለገውን እየቀነሱ ወደ ታች ወረዱ። ግንበኛ የማያምር ድንጋይ ቢገጥመው አንሥቶ ሌላ ይተካል። ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቀነሰውን መመለስ አይችልም።

የሚገርመው፣ እነዚያ ጠራቢዎች የግንበኛውን ሙያ አልረሱትም። ቤተ አማኑኤልን ከውጭ ስታዩት ግድግዳው በአግድም ገባ ወጣ እያለ የተደራረበ ይመስላል። ይህ በአክሱም ዘመን ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይሠሩት የነበረው ግንብ መልክ ነው። በአለቱ ውስጥ እንጨት የለም፤ መልኩን ግን ቀርጸው አስቀርተውታል። እውነተኛውን ግንብ ማየት የሚፈልግ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይምርሐነ ክርስቶስን ይጎብኝ። በሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመው ይህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የወጣ ነው። ልጆቻችሁ ሁለቱን አይተው ልዩነቱን ራሳቸው ቢነግሯችሁ፣ የታሪክ ትምህርቱን ቶሎ አይረሱትም።

በፎቶግራፋችን ውስጥ እምብዛም የማይገቡት ግን የሰዎቹ ቤቶች ናቸው። የላስታ ቤት ክብ ነው፤ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ ተገንብቶ በሣር ይከደናል። ብዙዎቹ ባለ ደርብ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ይዞራል። ዩኔስኮም ስለ ላሊበላ ሲገልጽ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎን እነዚህን ቤቶች ያነሣል። ጠራቢው ለጸሎት የተጠቀመበትን ድንጋይ ገበሬውና ካህኑ ለመኖሪያ ተጠቅመውበታል ማለት ነው።

ላሊበላ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በዓለም መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ እንግዳው በረከተ። የአውሮፕላን ማረፊያው ተሻሻለ፣ በገደሉ አፋፍ ሆቴሎች ተሠሩ፣ አስጎብኚነት የወጣቱ ሙያ ሆነ። ከየገጠሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሰውም ቤት ሠራ። የድሮዋ ሮሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከኮረብታ ኮረብታ ተዘረጋች። ይህን ማንም እንደ ጥፋት ሊቆጥረው አይገባም። በቱሪስት ገንዘብ ልጁን ያስተማረ አባት ላሊበላ ውስጥ ብዙ ነው።

ዋጋው ግን አለ። ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ለውሳኔው በቂ ምክንያት ነበር። የአለቱ ዋና ጠላት ውኃ ነው። ቀዳዳ የሚበዛበት ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ይመጣል፤ የጥንቶቹ ሠሪዎች ቦይ የቆፈሩትም ለዚህ ነው። በቦዩ አናት ላይ ሰው ሲጠጋጋ፣ መጸዳጃ ሲቆፈር፣ ፍሳሽ ሲለቀቅ፣ ጉዳቱ ውሎ አድሮ ወደ ታች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎችም ዝናቡን ለመከላከል የታሰቡ ነበሩ፤ በኋላ ግን ክብደታቸው ራሱ ሕዝቡን አሳስቦ ለተቃውሞ አደባባይ አስወጥቶታል።

ችግሩ፣ ሰው የሌለበት የሣር ቤት ብዙ አይቆይም። ክዳኑን ከነቀዝና ከብስባሽ የሚጠብቀው የምድጃው ጭስ ነው፤ የሚፈስበትን ቀዳዳ አይቶ ሣር የሚጨምርበትም ባለቤቱ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ዝናቡ ይገባል፣ ድንጋዩን የያዘው ጭቃ ይታጠባል። አዲሱ ሰፈር ደግሞ ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። ለምን ብለን እንዳንፈርድ! ቆርቆሮ በየጊዜው ሣር አያስለውጥም፤ ብሎኬትም ድንጋይ አስተካክሎ የሚጠርብ ባለሙያ አያስፈልገውም። እኛም አዲስ አበባ ላይ የምንመርጠው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ላሊበላ ላይ አንድ ግንበኛ ሥራ ባጣ ቁጥር የአንድ አገር ሙያ አብሮት መሄዱ ነው። ሆቴል ሠሪዎች ቤታቸውን በላስታ ድንጋይ፣ በላስታ እጅ ቢያሠሩ የእንግዳው ገንዘብ ያንን ሙያ ያቆየው ነበር።

ሌላም ትምህርት አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ጦርነቱ ተከተለ፤ ሰላም ማጣቱም ቀጠለ። እንግዳው ሲቀር አስጎብኚው፣ አስተናጋጁ፣ ባለ በቅሎው፣ መስቀል ሻጩ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። በአንድ እህል ብቻ የሚኖር ገበሬ ዝናብ ሲቀር የሚደርስበት ነው የደረሰባቸው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ጉዞው ሲሳካ፣ ጥቂት ነገሮችን አስቡ። በገና ሌሊት መላው አገር ላሊበላ ላይ ይሰበሰባል፤ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲባል ማየት የማይረሳ ነገር ነው። ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ግን በሌላ ወር ቢሄድ ራሱም ያርፋል፣ አለቱም ይተነፍሳል፣ ባለ ሆቴሉም በባዶው ወቅት ገበያ ያገኛል። ከሁለት ቀን ይልቅ አራት ቀን ቆዩና ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ነአኩቶ ለአብን፣ አሸተን ማርያምን ጨምሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አስጎብኚያችሁን የአካባቢው ልጅ አድርጉት፤ ሒሳቡን ስትከፍሉም ልጆቻችሁ እያዩ ይሁን።

አስጎብኚውንም አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ባለ ደርቡን የድንጋይ ቤት የት እናያለን? ዛሬስ የሚሠራ ግንበኛ አለ?» በሉት። እንግዳ የሚጠይቀውን ነገር ከተማ ለመጠበቅ ይተጋል። እስካሁን ስለ አለቱ ብቻ ስንጠይቅ ኖረናል፤ ስለ ቤቶቹም መጠየቅ እንጀምር።