ባትሪው አልሞተም፤ ሬጉሌተሩ ነው የበላው

መብራት ሲጠፋ ሥራ የሚጀምር መሣሪያ በየሰፈሩ አለ። የጣውላ ሳጥን፣ አንድ ስፒከር፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሊቲየም ባትሪዎች፣ ትንሽ አምፕሊፋየርና የብሉቱዝ ካርድ። የሠራው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ያደንቀዋል። ቆየት ብሎ ግን ቅሬታው ይመጣል፦ ቤዙ ሲመታ ብሉቱዙ ይቋረጣል፤ ሙዚቃው ሲቆም «እዝዝ» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ሁለት ሳምንት ሳይነካ የተቀመጠው ዕቃ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፤ «ባትሪው ፌክ ነው!»

ይህ ፍርድ ዛሬ ዋጋ ያስከፍላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ባትሪም ሆነ አይሲ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በተሳሳተ ምርመራ አዲስ ባትሪ መግዛት እንደ ድሮው የሚታለፍ ወጪ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በባትሪውና በአምፕሊፋየሩ መካከል በተቀመጠው ሬጉሌተር ላይ ነው። በእርግጥ ሬጉሌተሩ ራሱም አልበደለም፤ የበደለው መራጩ ነው። ዕቃ ሲገዛ የሚጠየቀው «ስንት ቮልት ያወጣል?» ብቻ ነው። በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ግን ከዚህ የሚበልጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ያንን ቮልት ለማውጣት ስንት ቮልት መግባት አለበት? ለራሱስ ምን ያህል ይበላል?

በየኤሌክትሮኒክስ መማሪያው የሚገኘውን 7805ን እንውሰድ። ጥሩ አይሲ ነው፤ ርካሽ ነው፤ በቀላሉ አይቃጠልም። ዝናውን ያተረፈው ግን ከግድግዳ ሶኬት በትራንስፎርመር በሚሠሩ ዕቃዎች ላይ ነው። እዚያ የባከነ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሰውም ግድ አይሰጠውም። 5 ቮልት ለማውጣት 7 ቮልት ገደማ መግባት አለበት። የተረፈውን በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከ12 ቮልት ባትሪ 5 ቮልት ሲያወጣ ከኃይሉ 58 ከመቶው በሙቀት ይጠፋል፤ 1 አምፒር ቢሳብ 7 ዋት ማለት ነው። ሂት ሲንኩ እጅ ሲያቃጥል «ኃይለኛ ነው» እያሉ የሚኮሩ አሉ። የሚቃጠለው ግን የባትሪው ዕድሜ ነው።

በዚህ ላይ ምንም ሙዚቃ ሳይከፈት 5 ሚሊአምፒር ገደማ ለራሱ ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ግን 120 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአሥራ ሰባት ቀን ገደማ ዝም ብሎ ያልቃል። ማብሪያ ማጥፊያው ከሬጉሌተሩ በኋላ ከተገጠመ ዕቃው «ጠፍቶም» ይበላል። መፍትሔው ማብሪያውን ወደ ባትሪው ማስጠጋት ብቻ ነው፤ አንድ ሽቦ ነቅሎ መበየድ።

የብሉቱዙ መቋረጥ ሌላ ታሪክ አለው። በብዙ ርካሽ ካርዶች ላይ የሚገኘው ኤኤምኤስ 1117 የተባለው አይሲ፣ 3.3 ቮልት የሚያወጣው ዓይነት፣ በትክክል ለመሥራት 4.4 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። አንድ ሊቲየም ባትሪ ሞልቶ የሚሰጠው 4.2 ቮልት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አልቻለም፤ የሚያወጣው ባትሪው ከሚሰጠው አንድ ቮልት ገደማ ቀንሶ ነው። ቤዝ ሲመታ ባትሪው ትንሽ ይወርዳል፤ ብሉቱዙም ተነስቶ ይወድቃል። ኤምሲፒ 1700 ወይም ኤችቲ 7333 ቢሆን ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ጭነት ከአንድ ቮልት እጅግ ያነሰ ልዩነት ይበቃዋል፤ ለራሱ የሚወስደውም በሚሊ ሳይሆን በማይክሮ አምፒር የሚቆጠር ነው። ኤምሲፒ 1700 ከ6 ቮልት በላይ እንደማይችል ግን መርሳት አይገባም።

ታዲያ ለምን ሁሉም በስዊቺንግ ሬጉሌተር አይሆንም? እዚህ ላይ የድምፅ ወዳጆች ይቆጣሉ፤ «ጫጫታ ያመጣል» ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ኤልኤም 2596 በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል፤ የሰው ጆሮ የሚደርሰው 20 ሺህ ድረስ ነው። በደንብ ሲጫን ጫጫታው ከጆሮ በላይ ነው። ችግር የሚመጣው ጭነቱ ሲቀንስ ነው፦ አንዳንዶቹ ኃይል ለመቆጠብ ሥራቸውን እየዘለሉ ይሠራሉ፤ ያኔ ጩኸቱ ጆሮ ወደሚሰማው ክልል ይወርዳል። ሙዚቃው ሲቆም የሚሰማው «እዝዝ» አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ሌላው ደግሞ ብሉቱዙና አምፕሊፋየሩ በአንድ ቀጭን የኔጋቲቭ ሽቦ መጋራታቸው ነው። ይህን የትኛውም ውድ ሬጉሌተር አያድነውም፤ ለየብቻ ሽቦ ከባትሪው መሳብ ያድነዋል።

ስለዚህ ለአምፕሊፋየሩ ስዊቺንግ፣ ለብሉቱዙና ለቅድመ ማጉያው ከዚያ በኋላ ትንሽ ሊኒየር ሬጉሌተር ማድረግ ያዋጣል። ኤልቲ 3042ን የመሰለ 0.8 ማይክሮቮልት ብቻ ጫጫታ ያለው ውድ አይሲ ለጣውላ ሳጥን ስፒከር መግዛት ግን ቅንጦት ነው፤ ማንም አይሰማውም።

ከሁሉ የከፋው ምርጫ ከአንዲት ባትሪ 12 ቮልት ለማውጣት ኤምቲ 3608ን የመሰለ ማሳደጊያ መግጠም ነው። 12 ቮልት በ1 አምፒር 12 ዋት ነው፤ ብክነቱ ሲታሰብ ከባትሪው 14 ዋት ይፈለጋል፤ በ3.7 ቮልት ወደ 3.8 አምፒር ማለት ነው። ያረጀ የላፕቶፕ ባትሪ ከዚህ ሸክም ጋር ብዙ አይዘልቅም። ማሳደጊያው ደግሞ እስከ 2 ቮልት ድረስ መሳቡን አያቆምም፤ ሊቲየም ባትሪ ግን ከ3 ቮልት ብዙም ሳይወርድ መቆም አለበት። መከላከያ ካርድ ከሌለው ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ገዳዩ ግን ሻጩ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛው ሬጉሌተር ምንም አለመግጠም ነው። ፒኤኤም 8403 የተባለው ትንሽ አምፕሊፋየር ከ2.5 እስከ 5.5 ቮልት ይሠራል፤ ከአንድ ሊቲየም ባትሪ ጋር በቀጥታ ይስማማል። ባትሪው ሲወርድ ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለአንድ ክፍል ግን ይበቃል። ሰርግ ለማድመቅ የሚፈልግ ከማሳደግ ይልቅ ሦስት ባትሪ በተከታታይ ቢያያይዝ ይሻለዋል፤ ለሦስቱ የሚሆን መከላከያ ካርድ ጋር።

ቴስተር ያለው ሰው ባትሪውን ከመክሰሱ በፊት ሁለት ነገር ይለካ፦ ዕቃው ጠፍቶ ሳለ ስንት ሚሊአምፒር እንደሚሳብ፣ ቤዝ እየመታ ደግሞ ሬጉሌተሩ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መርካቶ ደርሶ ከመመለስ ያጥራል።