ለአምበሯ እናት ምን ብለን እንመልስ?

ባለፈው ክረምት መንገዱ ተከፍቶልን ወደ አገራችን ወደ ጐጃም ለመግባት የቻልን ጥቂት ተማሪዎች፣ አምበር ላይ አንድ ጥያቄ ተጠይቀን ሳንመልስ ቀርተናል። ይኽን ጽሑፍ የምናቀርበው ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ስላሳፈረን ነው። ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን አምበርን የሚያውቋት በአውቶቡስ መስኮት ይሆናል። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ በመንገዱ ላይ የምትገኝ የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። መኪና ቆሞ ሰው በሚጭንበት ጊዜ ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ሲጣራ ከተማው ሁሉ ይሰማል።

ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አለ። ይኽ ልጅ እናቱን «እማ» ብሎ ጠርቶ አያውቅም። ሲጠሩት ዘወር አይልም፤ የሰው ዐይን አያይም፤ አንዲት ቁራጭ ገመድ በጣቱ ላይ እየጠቀለለና እየፈታ ይውላል። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ «ማርቆስ! ማርቆስ!» ይላል፤ ድምፁም ቁርጥ የረዳቱ ነው። ጐረቤት የሚለው ብዙ ነው። አንዱ ቡዳ በልቶት ነው ይላል፤ ሌላው የአባቱ ግፍ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ እናቱ አርግዘው ሳሉ በቀትር ወንዝ ወርደው ያገኛቸው ነገር ነው ይላል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል። እናቱም ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለልቅሶ አይወጡም፤ ከወጡም በሩን ቆልፈውበት ነው።

እኚህ ሴት አሜሪካ የሚኖር ወንድማቸው በስልክ የላከላቸውን ቪዲዮ አሳዩን። አንድ ሕፃን ሽቦ የተቀጠለበት ቆብ ደፍቶ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል። ሥልጠናው ኒውሮፊድባክ ይባላል፤ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ይረዳል ተብሎ ይነገርለታል። ከዚያም «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይኽ መኪና ልጄን ያናግርልኛል? ያናግረዋል ካላችሁኝ ሁለቱን በሬዎች ሸጬ አዲስ አበባ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ» አሉን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ «እናጣራለን፣ እትዬ» አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «አላውቅም» ለማለት ሲያፍር የሚለውን ነው ያለው።

እንግዲህ ከተመለስን በኋላ አጣርተናል። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ማንበብ የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም፤ ያነበብነውንም ባልንጀሮቻችን ይመርምሩት።

በመጀመሪያ፣ ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። ሕፃኑ ገና ሲፈጠርና ሲያድግ አንጎሉ በተለየ መንገድ ከመሠራቱ የተነሣ የሚመጣ ነው። አሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 በጽሑፍ ገለጠው። ሆኖም የሠለጠነ የሚባለው ዓለም ራሱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እናቶችን ሲወነጅል ኖሯል። «ፍቅር የሌላት፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘች እናት ልጇን እንዲህ ታደርገዋለች» ይባል ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይምም በ1967 ይኽንኑ የሚያስፋፋ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ፣ እሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ ነገሩ የአንጎል እንጂ የእናት ጥፋት አይደለም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ስለዚህ የአምበርን ጐረቤት ኋላ ቀር ነው ብለን ለመሳቅ አንቸኩል። ባለዲግሪዎቹም በሌላ ቋንቋ ያንኑ ቡዳ ሲሉ ነበር።

ወደ መኪናው እንመለስ። አንጎል ሲሠራ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ይኽን ሞገድ ከሰው ራስ ላይ የመዘገበው በ1924 ሲሆን፣ በጽሑፍ ያወጣው በ1929 ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ ባሪ ስተርማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ አንድ ዐይነት ሞገድ በታየባቸው ቍጥር ለድመቶች ምግብ እየሰጠ፣ ያን ሞገድ ማብዛት እንዲማሩ አደረጋቸው። የዛሬው ሥልጠና የመጣው ከዚህ ነው። በልጁ ራስ ላይ ቅባት ተቀብቶ ትናንሽ የብረት ቁርጥራጮች ይለጠፋሉ፤ ኮምፒዩተሩ ሞገዱን ይለካል፤ ሞገዱ ወደሚፈለገው ሲያዘነብል በፊቱ ያለው ፊልም ይደምቃል፤ ሲርቅ ይደበዝዛል። ልጁ ሳይታወቀው አንጎሉ ይማራል የሚል ተስፋ ነው። ለዚህም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ቀጠሮ ያስፈልጋል።

ተስፋው ተፈትኗል። በ2013 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተደረገ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች በዕጣ ከፋፍሎ መረመረ። ከሠለጠኑት ከፊሎቹ ሞገዳቸውን መቈጣጠር ቢማሩም፣ የኦቲዝማቸው ምልክት ግን ካልሠለጠኑት ተለይቶ አልተሻሻለም። በዚያው ዓመት ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የንግግርና የቋንቋ ችግር ይኽን ሥልጠና አትጠቀሙበት ብሎ በግልጽ ጻፈ። የአምበሯ እናት የጠየቁት ይኽንኑ አይደለምን? በሌላ በኩል፣ ሐሳባቸውን መሰብሰብ በሚቸግራቸው ልጆች ላይ አሜሪካ ውስጥ የተደረገና በ2021 የታተመ ሙከራ አለ። እውነተኛውን ሥልጠና ያገኙትም የማስመሰያውን ያገኙትም ልጆች በትኩረታቸው ተሻሻሉ፤ በመካከላቸው ግን ይኽ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እንዲህ ከሆነ ልጆቹን የረዳቸው ሞገዱ ሳይሆን፣ በየቀጠሮው አብሯቸው የተቀመጠው ሰውና የተሰጣቸው ጊዜ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይኽን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ሁለት ነገር አንሥተው ተከራክረውናል። አንደኛው «ሀብታሙ የሚያገኘውን መሣሪያ ለድኻ አይገባም ማለት ንቀት ነው» የሚል ነው። እኛ ግን ለድኻ አይገባም አላልንም። ለለንደን ልጅ ያልተመከረውን ለአምበር ልጅ በበሬ ዋጋ አናስገዛ ነው ያልነው። ሁለተኛው «ቢሞከር ምን ይጐዳል?» የሚል ነው። የሚጐዳውን እንቍጠር። ከአምበር ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት የዓባይን በረሓ መሻገር አለ። ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ለ40 ቀጠሮ ከተማ ቤት መከራየት ያስፈልጋል። ራሱን ሲነኩት የሚጮኽ ልጅ ቆብ ደፍቶ መቀመጥ አለበት። በሬዎቹ ከተሸጡ በኋላ የሚያርስ የለም። በመጨረሻም ልጁ ያልተናገረ እንደ ሆነ ያ ጐረቤት «አላልናችሁም?» ይላል። እናቲቱ በሬያቸውንም ተስፋቸውንም አጥተው ወደዚያው ጓዳ ይመለሳሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ይኹን እንጂ ለቸገረው ሰው አማካሪ ሆኖ የቀረበ የተማረ ሰው ዝም ቢል ይጠየቅበታል።

ታዲያ የሚረዳው ምንድን ነው? በአገራችን መንገዱን የከፈቱት አንዲት እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ስለነዚህ ልጆች በአደባባይ መናገርን አልተዉም። ከእሳቸው በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የመሰሉ ሌሎችም ተነሥተዋል። ነገር ግን እነዚህ ማዕከሎች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ በዚያም የሚገኘው ቦታ ከፈላጊው ብዛት ጋራ አይመጣጠንም።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ወደ ክሊኒክ ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ነገሩን ለመደበቅ ይጥራሉ። ምን ይጐድላችኋል ሲባሉ ከመቶው 75 ያህሉ የጠቀሱት ትምህርትን ነው። ይኽ እንግዲህ በዋና ከተማው ክሊኒክ ደጃፍ የደረሱት ወላጆች ቃል ነው። ጓዳ ዘግተው የተቀመጡትን ማን ጠየቃቸው?

የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ደግሞ አለ። በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። 9 ጊዜ በቡድን መሰብሰብና 3 ጊዜ ቤት ድረስ መጐብኘት ነው፤ የሚያሠለጥነውም የግድ ልዩ ሐኪም መሆን የለበትም። እናት ልጇ በሚወደው ነገር ገብታ አብራው እንድትጫወት፣ በእጅ ምልክት እንድትግባባው፣ ሲጮኽ ምክንያቱን ፈልጋ እንድታበርደው፣ እንጀራ ሲጋገርና ቡና ሲፈላ ያለውን ጊዜ ማስተማሪያ እንድታደርገው ያሳያል። ይኽም ተአምር አይደለም፤ ልጁን ሌላ ልጅ አያደርገውም። ነገር ግን በሬ አያሸጥም፤ በአንድ ሰፈር ሊደረግ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ እናትን ከሌላ እናት ጋራ ያገናኛል። ጠበል መሄድ የሚፈልጉትንም «አትሂዱ» አይደለም የምንለው። ጠበሉም ይኑር፣ ክሊኒኩም ይኑር፤ ልጁ ግን አይታሰር፣ አይደበቅ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1964 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያስተምሩ ተደርጎ ነበር። ያ አገልግሎት ዛሬ የለም። ወደየቤታችን የምንሄድበት የክረምት ዕረፍት ግን አለ። ማንም ሳያዘን ልንሠራው የምንችለው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማኅበራችን የሥነ ልቡናና የሕክምና ተማሪዎችን አስተባብሮ ስለ ኦቲዝም የሚያስረዳ አራት ገጽ ወረቀት በቀላል አማርኛ ያዘጋጅ፤ የሚያባዛውም ይኸው ይኽን መጽሔት የሚያባዛው መሣሪያ ይኹን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ያን ወረቀት ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ለደብሩ አስተዳዳሪ እናድርስ። ሦስተኛ፣ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸውን እናቶች ፈልገን እርስ በርሳቸው እናስተዋውቃቸው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ ብለን ርእሰ መምህሩን ስንጠይቅ መብት እየጠየቅን ነው እንጂ ምጽዋት እየለመንን አይደለም።

ለአምበሯ እናት የምንመልሰው እንግዲህ ይኽ ነው። «እትዬ፣ በሬዎቹን አይሽጡ። መኪናው ያናግረዋል የሚል ማስረጃ አላገኘንም። ልጅዎ ግን አሁንም እየተናገረ ነው። ‹ማርቆስ› ባለ ጊዜ አጠገቡ ይቀመጡና እርስዎም ‹ማርቆስ› ይበሉት። ገመዱን ሲጠቀልል ሌላ ገመድ ይዘው አብረውት ይጠቅልሉ። አንድ ቀን ዞር ብሎ ያይዎት ይሆናል፤ ባያይዎትም ብቻውን አይደለም። ለበዓልም ይዘውት ይውጡ፤ እኛ አብረናችሁ እንሄዳለን።»

የመጨረሻውን ቃል የጻፍነው አስበንበት ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት አምበር ላይ ወርደን ካልፈጸምነው ይኽ ሁሉ ወረቀት ማበላሸት ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ባልንጀራ ቢኖር፣ በሚመጣው እትም ይጻፍልን።