የጎጆው ረዳቶች

በዛሬው አምዳችን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንወርዳለን። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የተጓዘ ሰው ሙቀቱን፣ የሰሊጡን ማሳና የግራሩን ዛፍ አይረሳም። በእንዲህ ያለው ደረቅ ቆላ ከመንጋዋ ጋር መሬት ላይ እየተሯሯጠች ነፍሳት የምትለቅም አንዲት ወፍ አለች።

ወፏ የስታርሊንግ ወገን ናት። ጥላ ውስጥ ስትሆን ጥቁር ትመስላለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ጀርባዋና ክንፏ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ሆዷ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ዓይኗም ነጣ ያለ ነው። የሚገርመው፣ በላባዋ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ብርሃኑን መልሰው ሲያንጸባርቁ ነው ያ ውበት የሚታየው። የሳይንስ ስሟ ላምፕሮቶርኒስ ፑልከር ሲሆን፣ «ያማረች አብረቅራቂ ወፍ» እንደ ማለት ነው። ከሴኔጋል ጀምሮ በሰሃራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና የሰሜን ኢትዮጵያ ቆላ ድረስ ትኖራለች።

ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ግን መልኳን ሳይሆን ቤቷን ነው። ጎጆዋን በእሾሃማ ዛፍ ላይ በሣርና በጭድ ትሠራለች። ሮጀር ዊልኪንሰን የተባሉ ተመራማሪ በናይጄሪያ፣ ካኖ አካባቢ አጥንተዋት እ.ኤ.አ. በ1982 እንደጻፉት፣ ጫጩቶቹን የሚመግቡት አባትና እናት ብቻ አይደሉም። ሌሎች የመንጋው ወፎችም ምግብ ይዘው ወደ ጎጆው ይመላለሳሉ።

ይህን የሚያደርጉት ለዘመድ ብቻ ነውን? በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዙሪያ የምትታይ ሌላ ስታርሊንግ አለች። እርሷን በኬንያ ለ20 ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሟል። ረዳቶቹ ዘመዶቻቸውን ቢያስቀድሙም ባዕዱንም ይረዳሉ፤ የተረዳውም፣ ዓመታት አልፈውም ቢሆን፣ ለረዳው ይደርስለታል። እኛ ወንፈል የምንለው ማለት ነው።

አሁን ከደጋ ለሥራ ወደ መተማ የወረዱ ባልና ሚስትን አስቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው ተወልዷል። አያቶቹ ሩቅ ናቸው፤ አጥሚት የሚያቀርብ፣ ሕፃኑንም ለአንድ ሰዓት የሚይዝ ዘመድ የለም። ባል ደክሞ ይገባል፤ ሚስት እንቅልፍ አጥታ ትጠብቀዋለች። ድካማቸው ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል፤ ጥፋቱንም አንዱ በሌላው ላይ ያደርጋል። ችግሩ ግን የፍቅር ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ለብዙዎች የሚሆነውን ሸክም ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተሸክመውታል።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ካላችሁ «ሰው አናስቸግር» ብላችሁ በራችሁን አትዝጉ፤ ጎረቤት ጥሩ። በሰፈራችሁ ወይም በጉባኤያችሁ አዲስ ወላጆች ካሉ ደግሞ «ምን ላግዝ?» ብላችሁ መልስ አትጠብቁ። ጎራ በሉና «ሕፃኑን እኔ ልያዘው፤ አንቺ ትንሽ ተኚ» በሏት። ወንፈል ነውና የእናንተም ተራ ይደርሳል።