ቅጽልና ባልንጀራው

በወላይታ ዞን፣ በዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በበዴሳ፣ የበልግ ዝናም ሲወርድ ያየ አንድ የ2ኛ ደረጃ ተማሪ የተመለከተውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ስለ ዝናሙ «ሄቪ ሬይን» ብሎ ያለ ስሕተት ይጽፋል፤ አማርኛውም «ከባድ ዝናም» ስለሚል መንገዱ ቀንቶለታልና። ነገር ግን በዚያው ቅጽል ተማምኖ ወደ ነፋሱ ቢያልፍና «ሄቪ ዊንድ» ቢል፣ ሰዋስው ሳይጓደልበት ቃሉ በባለቋንቋው ጆሮ ባዕድ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ነፋስ «ስትሮንግ»፣ ትኩሳት «ሃይ»፣ እንቅልፍም «ዲፕ» የተባለውን ቅጽል ይሻልና።

ይህን ጉዳይ ሊቃውንቱ ቀደም ብለው መርምረውታል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፓልመር በጃፓን ሲያስተምር፣ አብረው የሚሄዱትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስቦ በ1933 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ አሳትሞ ነበር፤ ማይክል ሃሊዴይም በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ «ስትሮንግ»ና «ፓወርፉል» በትርጓሜ እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ሳሉ ሻይ የፊተኛውን፣ መኪና ደግሞ የኋለኛውን እንደሚመርጥ አሳይቷል። እኛ «ወፍራም ቡና» የምንለውንም እንግሊዞች በዚያው በ«ስትሮንግ» ይጠሩታል፤ ውፍረትን ለቡና አይሰጡትም።

የገዛ ቋንቋችን ልማድም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጨለማን «ድቅድቅ»፣ ሐዘንን «መሪር»፣ ሕመምን «ጽኑ» እንላለን እንጂ ቅጽሎቹን አለዋውጠን «ድቅድቅ ሐዘን» የሚል የለም። እምነትና ሕመም በአማርኛ ሁለቱም «ጽኑ» ሲባሉ፣ በእንግሊዝኛ እምነቱ «ስትሮንግ» ሕመሙ «ሲሪየስ» ተብለው ይለያያሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን «ነጭ ውሸት» ነው፤ እኛ ይህን ስንል ዓይን ያወጣ፣ እፍረት የሌለበት ሐሰት ማለታችን ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ «ኋይት ላይ» የሚባለው የሰውን ልብ ላለማሳዘን የሚነገር፣ ጉዳት የሌለበት ትንሽ ሐሰት ነውና፣ ተማሪው ቃል በቃል ቢያሻግረው ሊነቅፍ ያሰበውን ነገር አቃልሎት ያርፋል።

ወላይትኛም የራሱ ልማድ ያለው ቋንቋ ስለ ሆነ፣ የበዴሳ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ የሁለት ቋንቋ ልማድ በልቡናው ይዞ ይቀርባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት፣ በ2ኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው፣ የቅጽል ጉዳይ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታሪክና የጂኦግራፊ ፈተናም በዚሁ ቋንቋ ይጻፋል። ልጁ ቅጽሉ ሲጠፋው በ«ቬሪ» እና በ«ቢግ» ይሸሸጋል፤ ዝናሙም፣ ነፋሱም፣ ድህነቱም ሁሉ «ቢግ» ይሆናሉ። እኔ ግን በዚህ ተማሪውን መውቀስ ግፍ ነው እላለሁ፤ የተሰጠው አንድ ቃል ከአንድ ትርጉም ጋር ብቻ ነውና።

ብልሃቱ ከእኛ የራቀ አልነበረም። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ብቻውን አላቆመውም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከነባልንጀሮቹ እያሳየ ተረጐመው እንጂ። የመጽሐፉ ጥበብ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ አለመታየቱ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የበዴሳና የሶዶ የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ ስም ባስተማራችሁ ቁጥር የሚያጠነክረውን ቅጽል ከጎኑ ጻፉለት፤ ተማሪውም ሁለቱን በአንድ መስመር በደብተሩ ይገልብጥ፤ በፈተናም ጊዜ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ባልንጀራውንም ጠይቁት።