ከፎርማቱ በፊት ፋይሉ

«ይህ ኮምፒውተር ለዊንዶውስ 11 የሚያስፈልገውን አያሟላም» የሚለው መልእክት እኛም ሰፈር ቆሼ ደርሷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ መራጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ልጅ የሚያስተምር ቤተሰብ እዚህ ላይ ይቀራል።

የሰፈሩ ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ፎርማት አስደርገውና በግድ ይጫንበት» ይላል። ይቻላል፤ ግን መስፈርቱን ላላሟላ ማሽን ማሻሻያው መድረሱን ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። ሌላው «ለቁራሌው ስጠውና አዲስ ግዛ» ይላል። ይህን ምክር ቆሼ የሚኖር ሰው በቀላሉ ሊቀበለው አይገባም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከመረው እዚህ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ ቢሆንም ከኮምፒውተር ላይ መዳቡ ተነቅሎ ከተሸጠ በኋላ፣ እርሳስ ያለበት ቦርድ ማንንም አያጓጓም። ገና የሚሠራን ማሽን በአንድ መልእክት ምክንያት ለዚህ መዳረግ አይዋጥልኝም።

ሌላ መንገድ አለ። ዊንዶውስ 10 ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ተፈቅዶለታል። ለዘለቄታው ደግሞ እንደ ሊኑክስ ሚንትና ኡቡንቱ ያሉ ነፃ ሲስተሞች አሉ። በፍላሽ አስነስቶ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ፣ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ማየት ይቻላል።

ታዲያ ሰው ሲስተም መቀየርን ለምን ይፈራል? እኔ እንደማየው የሚይዘን ማሽኑ አይደለም፤ የአማርኛ ፋይላችን ነው። ብዙ ሰው የድሮ ደብዳቤውን፣ የእድር መተዳደሪያ ደንቡን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች ነው። በእነዚህ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ ፎንቱ ብቻ «ሀ»ን «ለ»ን አስመስሎ ያሳየናል። ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ሲጠፋ ገጹ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ባለቤቱም «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ከተመለሰ ጽሑፉም ይመለሳል።

ሌላው ችግር ቀለል ያለ ነው። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ አማራጭ የሚጨመር ሆኗል። ስለዚህ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈው ኢብሪማ በተባለ ሌላ ፎንት ሊታይ፣ የገጹም አሰላለፍ ሊዛባ ይችላል። ፎንቱን ከሴቲንግ ውስጥ መጨመር በቂ ነው።

ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ግዕዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም የጽሑፋችን ዕጣ በአንድ ፎንት መኖር አለመኖር መንጠልጠል የለበትም። ፋይሉ በዩኒኮድ መጻፍ አለመጻፉን መለየቱ ቀላል ነው፦ የፋይላችሁን ቅጂ ክፈቱ፣ ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይሩት። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ከተለወጠ ግን አሮጌው ፎንት ከኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ከዚያ በኋላ ፋይሉ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም ይነበባል፤ ለመጻፉም ኪይማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በነፃ አለ።

ሁሉም ሰው ዊንዶውስን ይተው አልልም። በፒችትሪ ሒሳብ የሚይዝ ወይም በአውቶካድ የሚነድፍ ሰው ሊኑክስ ላይ ይቸገራል፤ ለእሱ የተራዘመው ጊዜ ገንዘብ ማጠራቀሚያ ይሁነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ለሚያነብና ቪዲዮ ለሚያይ ቤት ግን አሮጌው ማሽን ገና ብዙ ያገለግላል።

የሰፈራችን ኮምፒውተር ቤቶች «ፎርማት እናደርጋለን» ከሚለው ማስታወቂያቸው ሥር «የድሮ የአማርኛ ፋይል ወደ ዩኒኮድ እንቀይራለን» የሚል ቢጨምሩ ገበያ ያገኛሉ። እኔ ከፎርማቱ ይልቅ ለዚህኛው ብከፍል ይሻለኛል።