እጅ ሲወጣ ምን ወጣ?

ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ በቴሌቪዥን ተከታትላችሁ ዜና ጻፉ የሚል። ሁላችንም ይዘነው የመጣነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።» መምህራችን ወረቀቶቹን እያገላበጠ ሳቀ። ተኮራረጃችሁ እንዳይለን ዜናው ራሱ ያው ነው።

ያኔ አብረን ሳቅን። አሁን ግን ሳቁ ትንሽ ጎምዝዞናል፤ ሙሉ ድምፁ ስለ ጦርነት፣ ስለ ወደብና ስለ ገበያም ሆኖ አገኘነዋ።

ወረቀቱ ላይማ ምክር ቤቱ ጉልበተኛ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው እሱ ነው ይላል (ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ቢመጣም)። መንግሥት ከውጭ ጋር የሚገባቸውን ስምምነቶች የሚያጸድቀውም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የሚጠይቀውም እሱ ነው። አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ቀላል ሥልጣን አይደለም፣ ጎበዝ!

ኅዳር 1999ን እናንሳ። እኛ ገና ፊደል የምንቆጥር ልጆች ነበርን። ምክር ቤቱ ከሶማሊያው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በኩል ለመጣው ስጋት መንግሥት አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ፈቀደ። በ1997 ምርጫ የገቡ ተቃዋሚዎች ስለነበሩ አይሆንም ያለ ድምፅም ተሰምቷል። ወር ሳይሞላ ጦሩ ሞቃዲሾ ገባ፤ ተጠቃሎ የወጣው ጥር 2001 ነው። ስንት ልጅ እንደጎደለ ግን ቁጥሩ ለሕዝብ በይፋ ሲነገር አልሰማንም። ሂዱ ብሎ እጁን ያወጣ ምክር ቤት፣ ሲመለሱ በር ላይ ቆሞ መቁጠር አልነበረበትም? በ2002 ምርጫ ደግሞ ከ547ቱ ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የቀረው አንድ ብቻ ሆነ። በ2007 እሱም ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቅ?

የኤርትራ ጉዳይማ ይብሳል። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን በ1994 ሰጠ። መንግሥት በኅዳር 1997 «በመርህ ደረጃ ተቀብለናል» ያለበትን የአምስት ነጥብ ሐሳብ ለምክር ቤቱ አቅርቦ አስጸደቀ። ግንቦት 2010 ላይ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል የተባለው ግን በኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ መግለጫ ነው። ምክር ቤቱ እንደ እኛው ከዜና ሰማ! ሰላሙን ጠልተን አይደለም፤ ያን ሰሞን ከደስታ የተነሳ ካለቀሱት ውስጥ ነን። ድንበር ላይ ያሉት የባድመና የኢሮብ ሰዎች ግን ወኪላቸው ተነስቶ የሚጠይቅላቸው አንድ ቀን ይገባቸው ነበር።

እውነት ለመናገር፣ የማጽደቅ ሥልጣን ለዲፕሎማሲ የጠቀመበትም ጊዜ አለ። የናይል ትብብር ማዕቀፍ ግንቦት 2002 ኢንቴቤ ላይ ተፈረመ። መንግሥት ግብፅ ከአብዮቷ በኋላ የተመረጠ መንግሥት እስክታቆም እንጠብቅ አለና ለምክር ቤቱ የቀረበው ሰኔ 2005 ሆነ። ማዘግየቱም ማጽደቁም መልእክት ነበረው። ሰዓቱን የመረጠው ግን አሁንም ምክር ቤቱ አይደለም።

ከሶማሌላንድ ጋር ታኅሣሥ 2016 የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ ስሙ ራሱ ብልሃተኛ ነው። የመግባቢያ ሰነድ ከሆነ ውል አይደለም፤ ውል ካልሆነ ለማጽደቅ አይቀርብም። ዓመት ሊሞላው ሲል አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። ያ ሁሉ ውጥረት አልፎ ሰነዱ ውስጥ ምን እንደነበረ የመረጥነው ሰው ቢጠየቅ ምን ይመልስልናል?

ንግዱ ላይ ዝም የሚባለው ሳያሳፍር አይቀርም። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ ስታስወጣን የሐዋሳ ፓርክ ሴቶች ሥራ አጡ። አጎዋ የአሜሪካ ኮንግረስ ሕግ ነው። አስቡት፤ የሐዋሳ ስፌት ሠራተኛን እንጀራ ዋሽንግተን ያሉ እንደራሴዎች ሲከራከሩበት፣ አራት ኪሎ ያሉት የእሷው ተወካዮች ተመልካች ናቸው። የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣናን መጋቢት 2011 አጽድቀናል። ከ90 በመቶው የዕቃ ዓይነት ላይ ቀረጥ የሚያነሳ ስምምነት ነው። መርካቶ የጫማ ሶል የሚለጥፈው ልጅ የግብፅ ጫማ በርካሽ ሲገባ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ እንደራሴ ስም የምታውቁ አላችሁ? እኛ አናውቅም።

ተአምር አልጠየቅንም። የንግድ ስምምነት ከመጽደቁ በፊት ቋሚ ኮሚቴው ነጋዴውንና ሠራተኛውን በካሜራ ፊት ይስማ። ጦር ሲላክም ምክር ቤቱ በየስንት ጊዜው ሪፖርት እንደሚቀርብለት ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ሁለቱም አሁን ባለው ሥልጣኑ ይቻላሉ።

እስከዚያው እኛ የምርጫ ክልላችን ተወካይ ማን እንደሆነ ስናፈላልግ ሰነበትን። ከመካከላችን አንዳችንም ስሙን አናውቅም ነበር (አዎ፣ ጋዜጠኞቹ!)። አሁን ስልኩን አግኝተናል። ሰኞ እንደውላለን።